የደነደነው አጥንቴና የአንዋር ብረት

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃችን ጋሽ ዘውዴ፣ የሸዋ በር ብየዳ ቤታችን ሠራተኞች፤ ሥራ አቁማችሁ ይህን የስንብት ግብዣ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ቆባችሁን አውልቁ፤ ከባድ መርዶ አለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ሌት ተቀን ሲያገለግል የኖረ አንድ አጥንት ደንድኖ ሥራ አቁሟል። ጋሽ ዘውዴ፣ መርዶ ላይ አይሳቅም።

ድምፅ ሲመጣ ይህ አጥንት መንቀጥቀጥ ነበረበት። በርን ከመቃኑ ጋር አጣብቆ የበየደ ሰው አይታችኋል? የእኔም እንደዚያ ሆነ፤ ዙሪያውን ሌላ አጥንት በቅሎ ያዘው።

ማን በየደው? በዘር ይመጣል አለኝ የጆሮ ሐኪሙ፤ በእርግዝናም ሊብስ ይችላል። እናቴን ወለተሥላሴን በሰፈሯ በፈላና በር "ሰላምታ የማትመልስ ኩሩ" ይሏታል። ጠየቅኋት። "አንተን ካረገዝኩ ወዲህ ነው የባሰብኝ" አለችኝ። ሳልወለድም እረብሽ ነበር ማለት ነው።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። የብረት መቁረጫው ሲያጓራ ሁላችሁም ስለምትጮኹ እሰማችኋለሁ። መቁረጫው ጸጥ ሲል ድምፃችሁን ትቀንሳላችሁ፤ ያኔ ምንም የለም። በዚያ ላይ ቀልደኛ ነኝ። አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል?

አብሮን ከሚበይደው ከአንዋር ጋር በተደባደብንበት ቀን ሚስቱን ምጥ ያዛት። የብየዳ ቤቱ ባጃጅ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። መቁረጫው ጸጥ ብሏል። አንዋር ከኋላዬ ቆሞ፣ "ሚልኪያስ፣ ወላሂ ዛሬ አትቀልድብኝ፤ ቁልፉን ስጠኝ" ይለኝ ነበር አሉ። እኔ በር እየሞረድኩ አፏጫለሁ።

ብረት አነሳ። ቅንድቤን ተረተረው፣ ሁለት ጥርሴን አረገፈው። እኔም ምን እንደበደልኩ ሳላውቅ በመዶሻ ጣቱን ሰበርኩት። መሬት ላይ አንቆኝ ጆሮዬ ስር፣ "ቁልፉን!" ብሎ ጮኸ።

"የምን ቁልፍ?" አልኩት።

እጁ አንገቴ ላይ ደርቆ ቀረ።

ጋሽ ዘውዴ በባልዲ ውኃ አላቀቁን። "ውሻ እንኳ የሚናከስበትን ያውቃል" አሉን። አንዋር በተሰበረ ጣቱ ባጃጁን ነድቶ ሚስቱን ሐኪም ቤት አደረሳት፤ በሰላም ተገላገለች። ቅንድቤን የሰፋው ሐኪም ደግሞ ከጎኔ ሆኖ ሲያናግረኝ መልስ ቢያጣ ጆሮዬን አስመረመረኝ።

ሰኞ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና አለብኝ። አጥንቱን አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ አንዳንዴ ግን የተረፈውም መስማት ይጠፋል። ቢሳካም ከባድ ብረት ማንሳትና የመቁረጫ ጩኸት ስለተከለከልኩ ነው የምሰናበታችሁ። ፈርቻለሁ። ይህ ቀልድ አይደለም።

ክንዳችሁ አይዛል፤ ዓይናችሁን ከፍንጣሪ ይጠብቅላችሁ። የአንዋር ልጅ በእናት በአባቷ እቅፍ ትደግ። እናንተም ሳትጠያየቁ አትጣሉ።

ይህን ሁሉ ደም ያፈሰሰው አጥንት ምን ያህላል ብዬ የጆሮ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። "ከሰው አጥንት ሁሉ ትንሹ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል" አለኝ። ለካ ነገሩ ኢምንት ኖሯል።