ሚዛንን ያላስዋሹት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሰቦቃ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ እንዲሁም እናንተ የማክሰኞ ሰዎች፤

የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሰቦቃን ዜና ሕይወት ከማንበባችን በፊት አንድ ነገር እንድታውቁልን እንወዳለን። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ጽሑፍ አስነብበው ሰምተዋል፤ ሰምተውም «ከልጅነታቸው ጀምሮ ታዛዥ፣ ከሁሉም ጋር ተግባቢ ነበሩ» የሚለውን በገዛ እጃቸው ሰርዘዋል። ቤተ ዘመዱ ምስክር ነው፤ ታዛዥ አልነበሩም። እንግዲህ እስከ ሕመማቸው ድረስ ያለው እርሳቸው ራሳቸው መርምረው ያሳለፉት ስለሆነ፣ ለይሉኝታ ተብሎ የተጨመረበት ቃል የለም።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ሰቦቃ በዳዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉጌጥ ተሰማ ሚያዝያ 23 ቀን 1949 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ከቀበና ወንዝ ራስጌ ተወለዱ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በመወለዳቸውም ስማቸው በዚያው ተሰየመ። አባታቸው የደን ጠባቂ ስለነበሩ፣ በቤት ኦሮምኛ በደጅ አማርኛ እየተናገሩ፣ ከአባታቸው ኋላ ኋላ እየሄዱ ክረምት የጣለውን ዛፍ ሲቆጥሩ አደጉ። የመቁጠር ፍቅር ያደረባቸው ያን ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ለትምህርት ሲደርሱ ቀበና አቅራቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ከእኩዮቻቸው ገዘፍ ያሉ ነበሩና ተማሪው «በርሜል» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ እርሳቸውም በሂሳብ አንደኛ እየወጡ አፉን ያስይዙት ነበር። ስድቡ ከልባቸው እንዳልወጣ የተናገሩት ግን ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

በስታትስቲክስ ሙያ ሠልጥነው ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ መረጃ ሰብሳቢ፣ ኋላም ተቆጣጣሪ ሆነው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ አገልግለዋል። ለቆጠራ የሄዱበት ቤት ተዘግቶ ሲያገኙት «ሰው የለም» ብሎ ጽፎ ማለፍን አጥብቀው ይጠሉ ስለነበር፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሦስቴም አራቴም ይመለሱ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይነዱ የነበሩት አቶ በላይነህ ወርዶፋ በዚህ ምልልስ መጀመሪያ ተማረሩ፣ ቀጥሎ ለመዱ፣ በመጨረሻም በ1975 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል አገቧቸው። ከጋብቻቸውም ለሊሴንና ኤቢሳን ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል።

ከጡረታ በኋላ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። ሊፍት የለውም፤ ደረጃው ሰባ ሁለት ነው፤ የቆጠሩት እርሳቸው ናቸው። ክብደታቸው መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ደርሶ፣ ጉልበታቸው ታሞ፣ ስኳርና የደም ግፊት ተጨምሮባቸው፣ ለቅሶም ሠርግም ቤተ ክርስቲያንም የማይቀሩት ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ሳይወጡ ቆዩ። ሐኪም ዘንድ በሄዱ ቁጥር «ምግብ ይቀንሱ» ተብለው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ይሸኙ ነበር፤ ለልጃቸው ለለሊሴም፣ ይህችን ለመስማት ሰባ ሁለት ደረጃ ወርዶ ሰባ ሁለት መውጣት አይገባም ብለው ቀሩ። እንዲያ ተዘግተው የኖሩበትን ጊዜ ዛሬ ስናስበው ያመናል፤ እኛም ደጃቸውን ደጋግመን አላንኳኳንም።

በ2014 ዓ.ም. በክፍለ ከተማችን የሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸው አዋቂዎች የማክሰኞ ክሊኒክ ከፈተ። ታማሚውን በየበሩ ከማንከራተት፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የሥነ ምግብ፣ የሥነ ልቦናና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአንድ ካርድ ላይ ተመካክረው የሚያክሙበት ነው። ኤቢሳ በአንድ ክንዳቸው፣ አቶ በላይነህ በሌላው ይዘው አወረዷቸው። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ነአምን ያን ቀን የጠየቋቸው ስለሚበሉት ሳይሆን፣ ሰውነታቸው ምን እንዳያደርጉ እንደከለከላቸው ነበር፤ እርሳቸውም አልቅሰው፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ብለው መለሱ። ከዚያች ዕለት በኋላ ከማክሰኞ ቀርተው አያውቁም።

ክሊኒኩ ለአንድ ዓመት በሙከራ የተፈቀደ ነበርና፣ ዓመቱ ሲሞላ ውጤቱ ተገምግሞ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት ይሰጣል። የግምገማው ሪፖርት ተዘጋጅቶ ሲቀርብ ታማሚዎቹ በአማካይ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል የሚል የምሥራች ይዞ መጣ፤ ክሊኒኩ በእልልታ ተናወጠ። የታማሚዎች ተወካይ ሆነው የተቀመጡት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ግን እልል አላሉም። መነጽራቸውን አድርገው ቀኖቹን ተመለከቱ። የመጀመሪያው ሚዛን የተወሰደው ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ዘጠኝ ቀኑ፣ ኢድ በተከበረ ማግሥት፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት ድግስ ከሆድ ሳይወርድ። የመጨረሻው ደግሞ ሚያዝያ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ክርስቲያኑ በሰሙነ ሕማማት ሲሰግድ፣ እስላሙ ረመዳንን ሲጾም። ይህን ያህል የተማረ ሰው ባለበት ጉባኤ፣ እኩሌታው ጾመኛ ሆኖ ሳለ፣ ጾሙን ያሰበ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ከተመዘገቡት ሰማንያ አራት ሰዎች ሠላሳ አንዱ ከመንገድ ስለቀሩ ከሪፖርቱ ወጥተው ነበር። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሚዛኑ ጾም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ እንዲደገም፣ የቀሩትም እንዲፈለጉ ጠየቁ። ዶክተር ነአምን ደንግጠው፣ «እናቴ፣ በገዛ እጃችን በራችንን እንዝጋ?» አሏቸው። «ልጄ፣ ጾሙ የቀነሰውን ክሊኒኩ ቀነሰው ካልን፣ የከርሞው ሚዛን ያሳጣናል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው መለሱ። አብረዋቸው የሚታከሙት ግን ክፉኛ ተቀየሟቸው፤ ለሳምንታት ሰላምታ የነፈጓቸውም ነበሩ፣ ዛሬ እዚህ ቆመው ያለቅሳሉ። ክሊኒኩ ቢዘጋ ከሁሉ በፊት ወደዚያ አራተኛ ፎቅ የሚመለሱት እርሳቸው እንደሆኑ ያውቁ ስለነበር፣ በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ እንዳልነበራቸው አቶ በላይነህ ይመሰክራሉ።

የቀሩትን ሰዎች ለመፈለግ እንደ ወጣትነታቸው ዘመን ባለቤታቸው እየነዱላቸው መሪ ሰፈርንም፣ ቀበናንም፣ የእንጦጦን ዳገትም አዳረሱ፤ ከሠላሳ አንዱ ሃያ አራቱን አገኙ። የሚኒባስ ሾፌሩ አቶ ከድር በሩን ሦስት ጊዜ ቢዘጉባቸው በአራተኛው ገብተው ተቀመጡ። አቶ ከድር የቀሩት ሰንፈው አልነበረም። ሚዛኑ ኮሪደር ላይ ነበርና፣ የሚመዝነው ሠራተኛ ካርድ ለሚጽፈው ባልደረባው «መቶ አርባ ሁለት!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤታቸው ከወረፋው መሐል ሰምቶ ስለሳቀ ነው። ሌሎቹም አብዛኞቹ ይህንኑ አሉ። ያቺ «በርሜል» የተባለች ልጅ ይህን ሰምታ ዝም የምትል አልነበረችም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሚዛኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቁጥርም ጮክ ብሎ መጥራት ቀረ።

ግንቦት 15 ቀን ሚዛኑ ሲደገም ዘጠኝ የነበረው አምስት ሆነ፤ የእርሳቸውም አሥራ ሰባት የተባለው ወደ አሥራ አንድ ወረደ። ነገር ግን የደም ግፊታቸው የተስተካከለው፣ መድኃኒት የተቀነሰላቸው፣ ከቤት ወጥተው ሥራ የጀመሩት ሁሉ በስማቸው ተጽፈው ቀረቡ፤ የቀሩትም ለምን እንደቀሩ ተጻፈ። ወሳኞቹ ሰዎች፣ ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሪፖርት ይታመናል ብለው ክሊኒኩን አጸኑት። አቶ ከድርን ጨምሮ አሥራ ስድስት ሰዎች ተመለሱ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም፣ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከማክሰኞ ሰዎች ጋር በእግራቸው የእንጦጦን ዳገት ይዘው፣ አባታቸው ይጠብቁት ከነበረው ደን ደርሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ተመለሱ። አምስት ጊዜ ዐርፈዋል፤ አራት ብላችሁ እንዳትጽፉ ብለዋል።

ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር አገኛቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነታቸው ሲያልቅ፣ ሕመማቸውን ያልሰማ ሰው «ቀጠኑ፣ አማረብዎት» ይላቸው ነበር። እርሳቸውም ዶክተር ነአምንን አስጠርተው፣ ከዚያ ወዲህ የቀነሱት ኪሎ የበሽታው እንጂ የክሊኒኩ ስላልሆነ ከውጤት እንዳይደመር በካርዳቸው ላይ አስጻፉ። በሀገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በራስጌ በግርጌ ሆነው ከዚህ ዓለም ተለዩን።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባለቤታቸውን አቶ በላይነህን፣ ልጆቻቸውን ለሊሴንና ኤቢሳን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ተክለብርሃንን ትተዋል። በእርሳቸው ትእዛዝ ደግሞ ከቤተሰብ ተቆጥረው እንዲነበቡ፦ ስልሳ ስምንት የማክሰኞ ሰዎችን፣ እንዲሁም ፈልገው ያላገኟቸውን ሰባቱን ትተዋል።

ሠልስታቸው የሚውለው በማክሰኞ ነው። ይህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድመው አስበውበት ነበርና፣ ቃላቸው እንዲህ ይላል፤ የማክሰኞ ሰዎች በእኔ ሠልስት ምክንያት እንዳይቀሩ፣ መጀመሪያ ወደ ክሊኒክ፣ ከዚያ ወደ ልቅሶ ቤት፤ የኔን ወንበርም ተራ ለሚጠብቅ ሰው ስጡ። አቶ ከድር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መኪናቸውን ከአያት አደባባይ አቁመው እንደሚጠብቁ እንድንናገር አደራ ብለውናል።

ሁሉን በትክክል የሚመዝን አምላክ የእህታችንን ነፍስ በምሕረቱ ተቀብሎ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን። የማክሰኞ ሰዎች፣ እንግዲህ እንዳትቀሩ።