ለሰው የማይነገር ጉዞ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እኔው ራሴ ግን ከዚህ ነውር አልዳንኩም። ባለፈው ማክሰኞ ከሞርሲቶ ወደ ሆሳዕና በሚኒባስ ስመለስ፣ ከኋላዬ አባትና ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲከራከሩ ሰማሁ። ቢጮኹ ኖሮ ምናልባት አላዳምጥም ነበር። ዞር ብል አባትየው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጥሩሰው፣ ልጅቱም የቀድሞ ተማሪዬ ነርሷ ሐዳሳ ናቸው።

"ሰላም ለእናንተ ይሁን! ምን ገጠማችሁ?" አልኳቸው።

"ምንም፤ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን" አሉ ጋሽ ጥሩሰው ፈጠን ብለው።

"ደህና አይደለንም መምህር፤ እርስዎ ይፍረዱን" አለች ሐዳሳ። "ጀርመን አገር አንድ ሆስፒታል በነርስነት ሊቀጥረኝ ተስማምቷል። ሁለት ዓመት ቋንቋውን ተምሬ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ዲግሪዬም ተመርምሮ ተቀባይነት አግኝቷል። የቀረኝ የመሥሪያ ቤቴ ምስክርነት ብቻ ነበር። አለቃዬን አቶ ወንዳፈረውን በኢሜይል ቢጠይቋቸው፣ 'ሐዳሳ የትም የመሄድ ሐሳብ የላትም' ብለው መለሱላቸው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ፋይሌ ይዘጋል።"

"ወንዳፈረው ምን ነካው?"

"እኔ ነኝ እንዲህ በል ያልኩት" አሉ ጋሽ ጥሩሰው። "'ልትሄድ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁህ፣ ወሬ ነው በል' ብዬ ለመንኩት። ታዲያ ምን አጠፋሁ? መንገደኛ የሚወራለት ከደረሰ በኋላ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

አንባቢ ሆይ፣ በሰውዬው አትፍረድ። በእኛ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ በደላላ የሚሄድ ሰው ገና ሳይነጋ ይወጣል። ጎረቤት መሄዱን የሚሰማው ከዚያ ሲደውል ነው። ደላላው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘውም "ለማንም እንዳትናገሩ" ብሎ ነው። ይህ ልማድ በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ነርስ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጓሁ።

"ጋሽ ጥሩሰው፣ መጠየቅ አመሌ ነውና አይቀየሙኝ። የምትደበቀው ከማን ነው?"

"ከምቀኛ ነዋ! ከፖሊስ፣ ከኬላ።"

"ከወንጀል ነፃ ነች የሚለውን ወረቀት የሚሰጠኝ እኮ ራሱ ፖሊስ ነው አባዬ" አለች ሐዳሳ። "ቪዛውንም ኤምባሲ ቀርቤ በራሴ ስም ነው የምጠይቀው። በደላላ የሚሄድ ሰው ካልታወቀ ያልፍለታል፤ እኔ ግን ካልታወቅሁ አልሄድም። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደተማርኩ፣ ምን እንደሠራሁ የሚመሰክርልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

"ሰው አፍ ከገባሽ በኋላ ቢቀርብሽስ? መሳቂያ መሆን አይደለም?"

"ቢቀርብኝ ነገ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ወንድሜ ነህምያ በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ግን ስንት ሰው ያውቅ ነበር?"

"እኔና እናትሽ" አሉ ሽማግሌው።

"ማላዊ ታስሮ ስምንት ወር ድምፁ ሲጠፋስ ማን ፈለገው? ስለ መንገደኞች ሲጸለይ እንኳ ስሙን እንዳናነሳ ከልክለውን ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀን 'አዲስ አበባ ነው፣ ደህና ነው' እንል ነበር። ጌታ አወጣው እንጂ፣ ሞቶ ቢሆን ማን ያውቅ ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እኔ ብጠፋ የሚፈልገኝ ሰው ይኑር አባዬ።"

ጋሽ ጥሩሰው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እናትሽ ያን ጊዜ በር ዘግታ ነበር የምታለቅሰው" አሉ። "ድምፅሽ እንዳይሰማ እያልኩ እቆጣት ነበር። የሚያጽናናትን ሰው ከለከልኳት።"

ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ወንዳፈረው፣ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ልጄ ጀርመን ልትሄድ ነው። እውነቱን ጻፍላቸው!" አሉ።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አስካለች የሚባሉ ሴት እልል አሉ። የእሳቸውም ልጅ ነርስ ኖራ "ቋንቋውን የት ተማርሽ? ወረቀቱን ማን አየልሽ?" እያሉ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ያዥጎደጉዱባት ጀመር። ሐዳሳም ሆሳዕና እስክንገባ ድረስ አንድ በአንድ ስታስረዳቸው፣ አባትየው አፍ አፏን እያዩ ያዳምጡ ነበር።

አቶ ወንዳፈረው በማግስቱ እርማቱን ላኩ፤ ፋይሉም አልተዘጋም። በይፋ የመሄድን ጥቅም ከዚህ ተማርኩ። የታወቀ መንገደኛ ውሉን የሚያነብለት፣ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲቸገር የሚጠይቅለት ሰው አለው። ከኋላው ለሚመጣውም መንገድ ያሳያል።

እሑድ ዕለት ጋሽ ጥሩሰው በጉባኤው ፊት ቆመው፣ "ልጄ ሐዳሳ ለሥራ ወደ ጀርመን ልትሄድ ነውና በስሟ ጸልዩላት" አሉ። ነህምያ በታሰረ ጊዜ እናቱን ብቻዋን ማስለቀሳቸውንም ተናግረው ባለቤታቸውን በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ጉባኤው ሲበተን ሦስት እናቶች ወደ እሳቸው ቀርበው እንዲጸለይላቸው የልጆቻቸውን ስም ሰጧቸው፤ ልጆቹ በደላላ ከሄዱ ወራት ሆኗቸዋል። ሁለቱ እናቶች የግድግዳ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ የልጆቹን መሄድ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።