ሰባተኛው አጀንዳ

«ከስልሳ በላይ እናቶች ነን፤ እነሱ ሃያ አይሞሉም። እንዴት አሸነፉን?» ብለው እትዬ ዓለምነሽ ጎረቤታቸውን ሠርካዲስን ጠየቋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉለሌ በሚገኘው ቀበሌያቸው አንድ ሰፊ የተወረሰ ቤት ባዶውን ቆሞ ነበር። እናቶቹ መዋዕለ ሕፃናት ይሁን ሲሉ፣ ጥቂት ወንዶች ደግሞ የቢራ ክበብ ይሁን አሉ። ባለፈው እሑድ ጉባኤው ለክበቡ ወሰነ። ሠርካዲስ ወደ ክር ፋብሪካው የምትሄደው የአራት ዓመት ልጇን ቡርቱካንን ቤት ቆልፋባት ነው። ምድጃው ላይ ብትወድቅስ? ማን ይደርስላታል? ቀኑን ሙሉ ይህን ስታስብ ትውላለች።

በማግስቱ አዲሱ ገበያ መንገድ ላይ የክበቡን ወገን ከሚመሩት ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ቶለሳ ጋር ድንገት ተገናኘች።

«ጋሽ ቶለሳ፣ አይቆጡኝና፣ ለሊቀመንበሩ ምን ሰጥታችሁ ነው?»

«ምን እንሰጣለን! ሻይ እንኳ አልጋበዝናቸውም። ቀደም ብለን ሄደን ጉዳያችንን አስረዳን፤ አጀንዳው መጨረሻ ላይ ይሁንልን አልን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ልትሠሩ እንደምትሮጡ ማን ያጣዋል? እናንተ ሮጣችሁ፤ እኛ ቁጭ አልን» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ሠርካዲስ ወደ ቀበሌው ሄዳ ገና ያልተነሣውን የእሑዱን ጉባኤ ማስታወቂያ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል እየተንተባተበች አነበበች። ስድስት ጉዳዮች በስማቸው ተዘርዝረዋል። ሰባተኛው «ልዩ ልዩ» ይላል። ልጇ የምትውልበት ቤት እዚያ ሁለት ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር! ሥልጣን ከላይ ብቻ የሚወርድ ይመስላት ነበር፤ ለካ ቀድሞ የተናገረና ቆይቶ የጠበቀም ያዞረዋል። እጅግ ተደነቀች። በዚያው ወደ እትዬ ዓለምነሽ ቤት ገሥግሣ ጋሽ ቶለሳ ያሏትን ነገረቻቸው።

«እኛም ጥያቄያችንን ጽፈን፣ ፈርመን እንስጥ» አለቻቸው።

«ወዲያ በይ! አድማ ቢሉንስ? በዚህ ዘመን አምስት ሰው ቆሞ ሲያወራ የሚሆነውን ረሳሽው?»

«በጓዳ ብንዶልት እውነትዎን ነው። እኛ ግን በቀን፣ በበሩ ገብተን ነው የምንሰጠው። የፈለገ ያንብበው።»

«ቶለሳስ ያው ሄዶ አይደል የተናገረው? እሱ ሲያደርገው ተንኮል፣ አንቺ ስታደርጊው ጽድቅ?»

«መናገራቸውስ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ጉዳዩ መሸሸጉ ነው። የእኛም ጥፋት ዝም ማለታችን ነው። ሹም አንድ ወገን ብቻ ሲያናግረው፣ የዚያ ወገን ፍላጎት የሁሉም ይመስለዋል።»

«እሺ፣ ስንቆይ ልጆቹን ማን ይይዛል? ምሳውስ?»

«ባለሱቋን ጀዊሪያን በመንገዴ ጠይቄያት እይዛለሁ ብላለች። ምሳው ቅዳሜ ይሠራል። ባሎቻችን አንድ ቀን ቀዝቃዛ ቢበሉ አይሞቱ!»

«የኔው ሽማግሌ እንኳ የሚሞት ይመስለዋል» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ሠርካዲስ ይዛ የመጣችውን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ላብ እያጠመቃቸው ስማቸውን ጻፉ።

ስልሳ ስምንት ስም ሞላ። ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ «ይህን ያህል ሰው መፈለጉን ማን ነገረኝ!» አሉ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጉባኤ በድጋሚ ተያዘ። አሁንም ሰባተኛ ነው፤ ነገር ግን ማንም እንዲያነበው በስሙ ተጻፈ።

ጥቅማቸውን በአንድነት የሚጠይቁ ሰዎች ለአገር ጠንቅ አይደሉም። ጠንቁ አንዱ ወገን ሲደራጅ ሌላው ተበትኖ መቅረቱ ነው። ሁለቱም በግልጽ ሲናገሩ ፈራጁ አመዛዝኖ ይፈርዳል፤ የተረታውም በምን እንደተረታ ያውቃል። እናቶቹም በዚያ ጉባኤ ያገኙት ቤት ብቻ አይደለም፤ ቃላቸው ክብደት እንዳለው አወቁ።

በጉባኤው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ እጅ ሲቆጠር ከክበቡ ወገን ጋሽ ቶለሳና ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ እንደ ፊተኛው ያልፋል ብለው ሄደዋል። ከስልሳ ስምንቱ እናቶች ሁለቱ ሄዱ። ስልሳ ስድስቱ ቀሩ፤ እትዬ ዓለምነሽም ከፊት ወንበር።