ወደ ተከዜ የሚወርደው ርስት

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ተረተር ላይ፣ አያ ምንዋጋው ዶፉ ሲያባራላቸው ገብሳቸውን ሊያዩ ወጡ። ማሳው በአገውኛ «የአባት ትከሻ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አለው። በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ጓል ሲከሰክሱ አፈሩ ቁርጭምጭሚታቸውን ይውጠው ነበር። የአጫጆቹ ዜማ፣ ከዳገቱ አፋፍ በአገውኛ የሚጣራው የእናታቸው ድምፅ፣ ዛሬም ከጆሯቸው አልጠፋም። አሁን ግን ጎርፉ ማሳውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ወርዷል።

ሰቆጣ የሚያስተምረው የሟች ወንድማቸው ልጅ ወርቅአገኘሁ፣ ለበዓል ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ ከታች መንገድ አያቸውና ወደ እርሳቸው ወጣ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አየኸው ጉዴን?»

«አየሁት። አምና ስለ እርከን የነገርኩዎን ቢፈቅዱልኝ ኖሮ...»

«ተወኝ ልጄ! አባቴ ሲሞቱ ‹እንዳለ ጠብቀው› ብለው ነው ያወረሱኝ። በድንጋይ ብሸነሽነው አጥንታቸው አይወቅሰኝም? ደግሞ እርከኑ የአጎቴን ልጅ የደሴን ድርሻ ሊያቋርጥ ነው፤ ከእርሱ ጋር ገና በወሰን ዳኛ ዘንድ እንመላለሳለን። በወሰን ስንት ዘመድ ደም እንደተቃባ ታውቃለህ።»

ወርቅአገኘሁ ወደ ወሰኑ ድንጋይ አመለከተ።

«ይህን ማን ተከለው?»

«እኔና አባቴ። ከመሬት እኩል እስኪሆን ቀበርነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«እስቲ አሁን አጠገቡ ይቁሙ።»

ቆሙ። ድንጋዩ ጉልበታቸው ደረሰ። በየቀኑ አጠገቡ እያለፉ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለውት አያውቁም። ዳበሱት፤ ከዚያም እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አፈሩ ነው የሄደው፣ አያ» አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ወሰኑን ከሰው ሲጠብቁ፣ የአባትዎ መሬት በየክረምቱ ተከዜ ገባ። እርከንም ቢሆን የባዕድ ጥበብ አይደለም። ከላይ ቁጥቋጦው ውስጥ ያሉትን የጥንት ካቦች እነማን የካቧቸው ይመስልዎታል?»

«የአያቴ እጅ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እጄን ይዘው አሳይተውኝ ነበር። እኛ ነን የተውነው።» ተነሥተውም፣ «ደሴ እንቢ ቢልስ?» ብለው ጠየቁ።

«አብረን እንለምነዋለን። የእርሱም አፈር እኮ ነው የሚሄደው።»

ደሴ ሁለት እሑድ ሙሉ ተከራከረ፤ በሦስተኛው ወሰኑ እንደማይነካ በሽማግሌ ፊት አስምሎ እሺ አለ። ገብሱ ከታጨደ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ድንጋይ ሲያመላልሱ ከረሙ። አያ ምንዋጋው ካቡ በደረሰበት ሁሉ የየቁራሹን ስም በአገውኛ እየጠሩ፣ ማን እንዳቀናው፣ ማን እንደተዳረበት ያወጉ ነበር። ሊያግዙ የመጡት፣ ከተማ ያደጉት የቤተሰቦቹ ልጆች እነዚያን ስሞች የሰሙት ያኔ ነው።

የአባትን ርስት መውደድ መልካም ነው፤ አፈሩን ያላስቀረ ፍቅር ግን ለልጅ የሚያወርሰው ስሙን ብቻ ነው። እርከኑ ከተሠራ ወዲህ ዘር አይታጠብም፣ እርጥበት እስከ ጥቅምት ይቆያል፣ በካቡ ጫፍ የበቀለው ሣርም ለበሬ ተርፏል። ሁለቱ ዘመዳሞችም ዳኛ ዘንድ መመላለሱን ትተዋል።

በሦስተኛው ክረምት፣ ከከባድ ዶፍ በኋላ፣ አያ ምንዋጋው ማሳው ውስጥ ገብተው ቆሙ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰመጠ። ነቅለው አልወጡም፤ እንደዚያው እንደቆሙ፣ በልጅነታቸው ከአፋፉ ለሚጣራው ድምፅ የሚመልሱ ያህል የእናታቸውን ስም ጠሩ።