ሳሉ ለቀቀኝ ያለው ሯጭ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት በደብረ ብርሃን ለዕጩ መምህራን ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ በአንኮበር መንገድ ስሄድ ሁለት ተማሪዎቼን ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ዘርአ ዳዊት የሰላ ድንጋይ ቄስ ልጅ፣ ከሯጮቻችን የላቀው ነው፤ ኩብራ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ዘርአ ዳዊት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መጀመሩን አውቅ ነበር፤ ማቋረጡን የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። «ሳሉ ለቆኛል። ትናንትም ሜዳውን ስንዞር የቀደመኝ የለም። ለዳነ ሰው ክኒን ምን ያደርግለታል?»

«የለቀቀህ ሳሉ ነው፤ በሽታው መልቀቁን ማን ነገረህ?» አለች ኩብራ። «ጤና ጣቢያው እስከ መቼ ውሰድ አለህ?»

«ብዙ ነገሩኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?»

አንገቱን ደፋ። «የጤና መምህር ልሆን ነው እኮ። አልገባኝም ብል ምን ይሉኛል?»

ይህ ልጅ ስለ ሳንባ በተሰጠው ፈተና አንድም አልሳተም። የሳንባን ሥዕል መሣል ግን አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሕክምና መረዳት ሌላ።

«ወንድሜ ያሕያም ሳሉ ሲለቀው መድኃኒቱን ተወ» አለች ኩብራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሽታው ብሶበት ተመለሰ፤ አላህ ይርሐመው። እሱ የሚያስረዳው አላገኘም። አንተ ግን ነገ ልጆች ፊት ትቆማለህ። ቢያገረሽብህ ለእነሱም ይተርፋል። ወላጆቻቸው ምክር ቢጠይቁህስ ምን ልትላቸው ነው?»

«እውነትሽን ነው» አለ ዘርአ ዳዊት። «የማላውቀውን ላስተምር አልችልም።»

ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ጤና ረዳቷ ወይዘሮ አልታየች አክታውን አስመረመረች፤ ሐኪሙም ሕክምናውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር አዘዘ። ወይዘሮ አልታየች ስታስረዳው «ይቅርታ፣ ይህ አልገባኝም» አላት፤ ደግማ ነገረችው። ከዚያ የተነገረውን በራሱ ቃል እየመለሰላት፣ የሳተውን እያረመችው፣ እስኪያውቀው አልተነሣም። እስኪያገግም መሮጥ ተከለከለ። ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ተመርጦ ነበርና በእርሱ ቦታ ሌላ ሮጠ። ቆጨው፤ ክኒኑን ግን አልዘለለም።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ዕጩ መምህር ሁሉ የተማረውን በሠፈር አማርኛ ለጓደኛው እንዲያስረዳ፣ ያልገባውንም ሳያፍር እንዲጠይቅ ሆነ።

ዘርአ ዳዊት ድኖ ለሚ በምትባል ከተማ መምህር ሆኖ ተመደበ። የገበያ ቀን ወላጆች መድኃኒታቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ይጠብቁታል አሉ። የሚያውቀውን ያስረዳቸዋል፤ የማያውቀው ሲገጥመው «እኔም አላውቀውም» ብሎ አብሯቸው ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል።