ጠፋች ስለተባለችው የአቶ አካለ ወልድ ጊታር የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ መቅዲ ይስማው ቢያዝን
ዕድሜ፦ 26 ዓመት
ጾታ፦ ሴት
ሥራ፦ በሠርግና በልዩ ልዩ ዝግጅት ላይ ጊታር ተጫዋች
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ 04
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ዘመነ አስማማው

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ መቅዲ ይስማው፣ በዚሁ ጉዳይ የካቲት 3 ቀን አንድ ጊዜ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ያን ዕለት የሰጠሁት ቃል ሰው ያሳሰረ በመሆኑና ልክ አለመሆኑን ስለደረስኩበት፣ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ የሚከተለውን አስጽፌያለሁ።

አቶ አካለ ወልድ መንገሻ የ61 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ በከተማችን ለረጅም ዘመን ጊታር ሲጫወቱና ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። እኔንም ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወጣት ሳሉ ከአዲስ አበባ ያመጧት ጠቆር ያለች ቀይ ኤሌክትሪክ ጊታር አለቻቸው። እኔም የተማርኩት በእሷው ነው። ካለፈው ነሐሴ ወር ወዲህ «እጄን ብርድ መታኝ» ብለው ሰው ፊት መጫወት ስላቆሙ፣ ለሠርግ ሥራ ስንሄድ ጊታሯን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጊታሯ የምትቀመጠው አብማ ማርያም አጠገብ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ ባለችው የመለማመጃ ክፍል ነው። የክፍሉ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይገኛል። አንዱ በእሳቸው፣ አንዱ በእኔ፣ አንዱ ደግሞ ኪቦርድ በሚጫወትልን በእንዳላማው አማረ እጅ ነው። እንዳላማው የ24 ዓመት ወጣት፣ የጉንደ ወይን ልጅ ሲሆን ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ረቡዕ የካቲት 2 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ለልምምድ ስገባ የጊታሯን ሻንጣ ከፍቼ ባዶ አገኘሁት። «ተሰረቅን!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አካለ ከቤት ወጥተው መጡ፣ ሻንጣውን አዩት፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ምንም አልተናገሩም። ድንጋጤ መስሎኝ ነበር። ለፖሊስ የደወልኩትም እኔ ነኝ። በማግስቱ ቃሌን ስሰጥ እንዳላማው ሰኞ ዕለት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ እንደቆየ፣ አዲስ አበባ ሄዶ የመሥራት ሐሳብ እንዳለው፣ ዓይኑም ከጊታሯ ላይ እንደማይነቀል ተናግሬያለሁ። ሲወስድ አይቼው ግን አላውቅም። እንዳላማው ቅዳሜ የካቲት 5 ቀን ተይዞ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቀጠሮ ተሰጥቶበታል።

እሑድ የካቲት 13 ቀን ሉማሜ ላይ የተያዘ ሠርግ ስለነበረን፣ ትናንት ማክሰኞ የካቲት 8 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለራሴ አዲስ ጊታር ለመግዛት መናኸሪያ አካባቢ ወደሚገኘው የፈቃዱ ደርቤ የኤሌክትሮኒክስና የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሄድኩ። ፈቃዱ 35 ዓመት የሚሆነው ሰው ሲሆን ከዚያ በፊት የጊታር ክር ስገዛበት ስለነበር በመልክ እንተዋወቃለን። ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ ሰማያዊ ጊታር አውጥቶ ከድምፅ ማጉያው ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኘልኝ። አንገቷ ቀጭን፣ ክሯ ለጣት የማይከብድ፣ ድምጿም ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን አንድ ድምፅ ይዤ ስቆይ ወዲያው ይከስማል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ፣ ድምጿ የሚደርስ አልመሰለኝም።

ሌላ እንዳለው ስጠይቀው የለም አለኝ። ነገር ግን ከመደርደሪያው በስተኋላ ከፊሏ በብርድ ልብስ የተሸፈነች ጥቁር ጊታር አየሁ። «ያቺስ?» አልኩት። «እሷን ተያት እህቴ፣ ሰው ይዟታል» አለኝ። «ባልገዛትም ለማወዳደር ያህል ልሞክራት» ብዬ አጥብቄ ስይዘው ፊቱ ተለዋወጠ። እምቢ ካለ እንደምጠረጥረው የገባው ይመስለኛል። አውጥቶ ሰጠኝና የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ራሱ ዝቅ አደረገው። ሻጭ ዕቃውን ሲያስሞክር ድምፅ ሲቀንስ አይቼ ስለማላውቅ ነገሩ አላማረኝም።

ጥቁሯ ከሰማያዊዋ ትከብዳለች። ቀለሟ አዲስ ነው፣ ገና ይሸታል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ጥቂት ስጫወትባት ድምጿ ወፍራምና ሙቅ ነው፤ ተጭኜ ስቆይ ቶሎ አይጠፋም። አውራ ጣቴ ከአንገቷ ጀርባ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ላይ አረፈ። ሳልፈልገው ነው ያረፈው፣ ስምንት ዓመት የለመደው ቦታ ነው። ሦስተኛውን ክር በአንገቷ ላይ ካሉት ብረቶች ሰባተኛው ፍሬት ላይ ስይዘው እንደ ንብ ያለ ስስ ድምፅ አሰማ። ጋሼ አካለ ይህን ድምፅ ልናርመው ስንል «ተዉአት፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ጊታሯ የእሳቸው መሆኗ ገባኝ።

ፈቃዱ በር ላይ ወጥቶ ስልክ ሲያነጋግር ሰማሁት። «መጥታለች... አዎ፣ እሷው ናት... በእጇ ይዛታለች» አለ። የሚያነጋግረው የእንዳላማው ግብረ አበር ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሲመለስ የጊታሯን የኋላ ክዳን እንዲፈታልኝ ጠየቅኩት። አልፈታም ሲለኝ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መፍቻ አንስቼ ራሴ ፈታሁት። ከክዳኑ ሥር ጥቁሩ ቀለም ያልደረሰበት እንጨት ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

«ከማን ነው የገዛኸው?» አልኩት።

«ከመንገደኛ።»

«ፖሊስ ልጥራ?»

«ጥሪ። ከጠራሽ ግን የምታፍሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

እንዳላማው ሲሸጥ «ከመቅዲ ጋር ተስማምተን ነው» ብሎት እንዳይሆን ፈራሁ። ስልኬን ሳወጣ ፈቃዱ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የሽያጭ ውል አሳየኝ። የተጻፈው ጥር 30 ቀን ነው። ይህም ሻንጣው ባዶ ሆኖ ከተገኘበት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሻጭ በሚለው ቦታ ላይ ያለው ፊርማ የጋሼ አካለ ነው። ፊርማቸውን ትምህርት ስጨርስ ከሰጡኝ ወረቀት ላይ በደንብ አውቀዋለሁ። ፈቃዱ ጊታሯን የገዛት ባሕር ዳር ወስዶ ሊሸጣት እንደነበር፣ ቀለም የቀባትም ራሱ እንደሆነ፣ ተሰረቀች የሚል ወሬ ሲሰማ የተሰረቀ ዕቃ ገዢ እንዳልባል ብሎ እንደደበቃት ነገረኝ። የደወለውም ለእሳቸው እንደሆነ አመነ። ጊታሯን ለማንም እንዳይሸጥ ነግሬው ወጣሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼ አካለ ቤት ደረስኩ። ግቢ ውስጥ ከመለማመጃ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊርማው ተመሳስሎ የተፈረመ ነው እንዲሉኝ እመኝ ነበር። እሳቸው ግን ገና ሳልቀመጥ «ሁለቱንም ሞከርሻቸው?» አሉኝ።

«ሞከርኳቸው ጋሼ። አዲሷ ትቀላለች፣ ድምጿም ጥርት ያለ ነው። ግን ቶሎ ይጠፋል።»

«የእኔዋስ?»

«የእርስዎዋን ጥቁር ተቀብታም አወቅኳት» አልኳቸው።

ግራ እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ። የቀለበት ጣታቸውንና ትንሿን ጣታቸውን ሊያጥፏቸው ሞከሩ፣ አልታጠፉም። የተናገሩትን እንዳስታወስኩት አስጽፋለሁ። «ነሐሴ ላይ የመታኝ ብርድ አይደለም። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ አይመለስም አለኝ። ለማንም አልነገርኩም። አንቺ እዚያ ውስጥ ስትጫወቺ እኔ እዚህ ተደግፌ እሰማለሁ። ከእኔ የተሻልሽ ሆነሻል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ገና ቁልፍ ስትከፍቺ ልቤ መጥፎ ነገር ማሰብ ጀመረ። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ፣ በሌላ ሰው እጅ ስትጮህ መስማት አቃተኝ። ከአገር ትውጣልኝ ብዬ ሸጥኳት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ተሰረቅሁ ብለው አመለከቱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተሰረቅን ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ዝም ነው ያልኩት። ፖሊስ መጥቶ ዝምታዬን ጻፈው፣ እኔም ፈረምኩበት።»

«እንዳላማው ታስሯል እኮ ጋሼ!»

«አውቃለሁ። ከታሰረ ወዲህ እኔም እህል አልወርድልኝ ብሏል» አሉ። ከዚያም ጊታሯን ከፈቃዱ ወስጄ የራሴ እንዳደርጋት፣ ለማንም ምንም እንዳልናገር፣ ማስረጃ ካጡ ልጁን መልቀቃቸው እንደማይቀር ነገሩኝ። ወጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሳጅኑ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ለምን ትናንትናውኑ አልመጣሁም ብለው ጠይቀውኛል። እውነቱን ለመናገር የጋሼ አካለን ሐሳብ አስቤበታለሁ። ጊታር ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በከተማው ሁሉ ሰው ተነሥቶ ነው የሚቀበላቸው። ጊታሯንም ወድጃታለሁ። ሰማያዊዋ በእጄ አልሞቀችም። በዚህ ምክንያት እንዳላማው አንድ ተጨማሪ ቀን እንዲታሰር አድርጌያለሁ። ይህም እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

እንዳላማውን ለምን እንደጠረጠርኩት ለቀረበልኝ ጥያቄም፣ ቁልፍ ከመያዙ በቀር በእሱ ላይ ምንም ማስረጃ እንዳልነበረኝ መልሻለሁ። ከሩቅ የመጣ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጊታሯን ሲያይ ይቆያል። እኔም ራሴ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያት ቆይቻለሁ፣ ማንም ግን አልጠረጠረኝም። ጋሼ አካለን መጠርጠር ደግሞ ፈጽሞ ወደ ሐሳቤ አልመጣም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስገባ እንዳላማውን ግቢ ውስጥ ቧንቧ ላይ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁት። ጠባቂው እንድናገረው ፈቀደልኝ። እሱ ነው ቀድሞ የጠየቀኝ።

«ጊታሯ ተገኘች እንዴ?»

«ተገኝታለች።»

«ማን ወስዷት ነው?»

«ማንም አልወሰዳትም» አልኩት።

ቧንቧውን ዘጋና «ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለኝ። ከዚያ ወደዚህ ክፍል ገባሁ።

የካቲት 3 ቀን በእንዳላማው አማረ ላይ የሰጠሁት ቃል በጥርጣሬ የተነገረ በመሆኑ እንዲቀር እጠይቃለሁ። አሁን የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እንደዚያው አስጽፌያለሁ። የጠረጠርኩትንም ጠረጠርኩ ብዬ እንጂ አየሁ ብዬ አላስጻፍኩም። ለዚህም ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ መቅዲ ይስማው (ፈርማለች)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ዘመነ አስማማው (ፈርመዋል)

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ አቶ አካለ ወልድ መንገሻ በዚሁ ዕለት ከጠዋቱ 4፡10 ላይ ብቻቸውን ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ጊታሯና የሽያጭ ውሉ ከፈቃዱ ደርቤ መደብር በኤግዚቢትነት ተይዘዋል። ተጠርጣሪ እንዳላማው አማረ በዐቃቤ ሕግ ትእዛዝ ከቀኑ 9፡20 ላይ ተለቋል። ምስክሯ ቃሏን ከፈረመች በኋላ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ቢነገራትም፣ እሱ እስኪወጣ ድረስ በር ላይ ቆማ ጠብቃለች።