የማይቀደድ ገጽ

እግር ጥሎኝ ነው ያን ቀን ከጉምሩክ መጋዘን ደጃፍ የደረስኩት። ዝናብ ሲያባርረኝ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ብጠጋ፣ የጥንቱ ወዳጄ ባለሚዛኑ አንድ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ሴት ልጃቸው ከአጠገባቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

ሳይንስ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን እየነዳሁ ወርክሾፓቸው እወስድ ነበር። ያቺ ጠባብ ክፍል ዛሬም ዓይኔ ላይ አለች፤ ነፋስ እንዳይገባ በጨርቅ የተወተፈው መስኮት፣ በመስታወት ቤቱ ውስጥ የሚወዛወዘው ሚዛን፣ በቀይ ከፈይ ላይ በቁመታቸው የተደረደሩት የነሐስ የሚዛን ድንጋዮች። “ትንፋሽ ሚዛኑን ያናውጠዋል” ብለው ሠላሳ ወረበላ ጸጥ ያሰኙልኝ ነበር፤ እኔ በአለንጋ እንኳ ያልቻልኩትን። ያ ዘመን እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

“ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?” አልኳቸው።

“ምን ደህና አለ መምህር? ስሜን ሣጥን ውስጥ ከተው መለሱልኝ።” የተቀመጡበትን ሣጥን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። “አሥራ ሁለት የሕፃናት ሚዛን ነው። ድንበር ማዶ ላለ ሆስፒታል አንድ በአንድ አርሜ፣ ማህተሜን አሳርፌ የላክሁት። በዚህ ማህተም የመጣ ወረቀት አንቀበልም አሉ።”

“አንድ አጭበርባሪ የአባባን ማህተም አስቀርጾ፣ ሳይመዝን ሰርተፍኬት ሲሸጥ ከርሟል” አለች ልጃቸው። የምትሠራው በመለኪያዎች ላቦራቶሪ ነው። “ለሕፃን መድኃኒት የሚሰጠው በክብደቱ ልክ ነው። ማዶ ያሉት ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ስላቃታቸው ሁሉንም መለሱ። ልክ ናቸው።”

“ልክ ናቸው?” ባለሚዛኑ ቱግ አሉ። “አርባ ዓመት ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው! አሁን ይቺ ልጅ ኮምፒውተር ይመስክርልህ ትለኛለች፤ ብሎክ ምንትስ የሚሉት።”

“ብሎክቼይን፣ አባባ። እስከ ዓርብ ካልተመዘገቡ ሆስፒታሉ ከሌላ ሰው ያዛል። ማህተምዎም በዚያው የተጠላ ሆኖ ይቀራል።”

እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ያዳላሁት ለእሳቸው ነበር። ለሰው እጅ የማይታዘዝ ነገር ሁሉ ቅር ይለኛል።

ልጅቱ ግን አልተቆጣችም። “እስቲ አባባ፣ ድሮ ከማዶው ባለሚዛን ጋር እንዴት ነበር የምትተማመኑት?”

ፊታቸው ፈካ። “በየዓመቱ ኬላው ላይ እንገናኝ ነበር። እኔ የሱን ድንጋይ እመዝናለሁ፣ እሱ የኔን። ያገኘነውን በሁለቱም ደብተር ጽፈን፣ እኔ በሱ ላይ፣ እሱ በኔ ላይ እንፈርማለን። አንዳችን ብንሰርዝ የሌላው ደብተር ያጋልጠናል። ከሞተ ወዲህ ኬላው ድረስ ሄጄ አላውቅም።”

“ታዲያ ብሎክቼይንም ይኸው ነው እኮ! ደብተሩ ሁለት መሆኑ ቀርቶ በየአገሩ ላቦራቶሪ ተቀመጠ። እርስዎ በራስዎ የሚስጥር ቁልፍ ይፈርማሉ፤ ያው መስመር በሁሉም ደብተር ይጻፋል። እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ ምልክት ስለሚይዝ፣ አንዱን ቢነካኩት የተከታዮቹ ምልክት ሁሉ ይፋለሳል። ማዶ ያለችው ነርስ ስልኳን ሚዛኑ ላይ በተለጠፈው ኮድ ላይ ብትደቅን፣ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ድንጋይ እንዳረመው ታያለች። ማህተም የሚያስቀርጸው ሰው ቁልፍዎን ከየት ያመጣል?”

“ባለቁልፉ ራሱ ውሸት ቢጽፍስ?” አልኳት፣ ያሸነፍኳት መስሎኝ።

“ውሸቱም ከነፈራሚው እዚያው ይኖራል መምህር። መዝገቡ አይመዝንም፤ የሚመዝነው ሰው ነው። መዝገቡ የሚያደርገው የተጻፈው እንዳይካድ ብቻ ነው። ጨዋ እጅ የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።”

ባለሚዛኑ ቀስ ብለው “ብሳሳትስ? ገጹን አልቀደውም?” አሉ።

“አይቀደድም አባባ። ከሥሩ ማረሚያ ይጽፋሉ። ሁለቱም ይነበባሉ።”

ባለሚዛኑ ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ግትርነታቸው የተነሳባቸው መስሎኝ ነበር።

“የፈራሁት ኮምፒውተሩን አይደለም” አሉ በመጨረሻ። “አንቺ የተወለድሽ ሳምንት፣ ከደስታዬ ብዛት ወረንጦውን ትቼ ዋናውን ድንጋይ በባዶ ጣቴ አነሳሁት። የጣቴ ቅባት ተጣብቆበት ክብደቱን ለወጠው። በዚያው የአንድ መድኃኒት ቀማሚ ሚዛን አረምኩ። ከፀጉር የቀጠነ ስህተት ነው፤ ግን ስህተት ነው። ሳውቀው ሮጬ ሚዛኑን አስተካከልኩ፣ የደብተሬን ገጽ ግን ቀድጄ አቃጠልኩት። የማዶው ወዳጄ ገጽ መጉደሉን አይቶ ሲጠይቀኝ፣ ውሃ ፈሶበት ነው አልኩት። አመነኝ። እንዳመነኝ ሞተ።”

ልጅቱ አጠገባቸው ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። “ይሄን አሁን ማንም አይጠይቅዎትም።”

“የማይቀደድ ደብተር ቢኖረኝ ኖሮ ያን ሰው አልዋሸውም ነበር” አሉና ተነሱ። “ነይ፣ መዝግቢኝ።”

ዓርብ ሳይደርስ ሁሉም ተፈጸመ። ሚዛኖቹ እንደገና ተፈትሸው ድንበሩን ተሻገሩ፤ ነርሶቹም በስልካቸው አይተው ተቀበሏቸው። ሐሰተኛ ወረቀት የሚሸጠው ገዢ አጣ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የደብዳቤ ምልልስ የደቂቃ ሥራ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ያ ሁሉ ሕፃን ልኩን ሳያልፍ መድኃኒቱን ማግኘቱ ነው።

ባለሚዛኑ በቁልፋቸው የፈረሙት የመጀመሪያ መስመር ግን ስለ ሚዛኖቹ አልነበረም። ቀኑን፣ ድንጋዩን፣ ባዶ ጣታቸውንና የተቃጠለውን ገጽ አንድ ሳያስቀሩ አስጻፉ። በማግስቱ ልጃቸው ጠርታ ስክሪኑን አሳየቻቸው። ከሥሩ፣ የሟቹን ወንበር የወረሰችው የማዶዋ ባለሙያ ፈርማበታለች፦ “የቀድሞው ባለሚዛናችን ደብተር እኛ ዘንድ አለ። በዚያ ቀን አንጻር ‘ወዳጄ የነገረኝ እውነቱን አይደለም፤ የመድኃኒት ቀማሚውን ሚዛን ግን ራሴ ሄጄ ፈትሼዋለሁ፣ ልክ ነው’ ብለው ጽፈዋል።”

ባለሚዛኑ መነጽራቸውን አወለቁ። “ያውቅ ነበር” አሉ። “እያወቀ ነው ለካ በየዓመቱ ኬላው ድረስ ይመጣ የነበረው።”